«ስሚንቶ ከሆነ ከሥሩ ወርቅ አለ»

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከአዘዞ አንድ ቁራጭ ድንጋይ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። ጓሮውን ሲቆፍር ያገኘው ነው። «ይኼ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ነገሥታቱ ሀብታቸውን በስሚንቶ ደፍነውበታል» አለኝ፣ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጎንደር ውስጥ እንዲህ የሚያስብ እሱ ብቻ አይደለም። እስቲ የሚባለውን እንየው።

«ጠጠር ተደባልቆ ከተጋገረ ስሚንቶ ነው» ይባላል። የግድ አይደለም። ወንዝ ያመጣው ጠጠርም ውሃ ትቶት በሚሄደው ማዕድን ተጣብቆ ድንጋይ ይሆናል። የእሳተ ገሞራ አመድና ስብርባሪም እንዲሁ ይጋገራል። ሲያዩት ቁርጥ ኮንክሪት ነው! ለመለየት ቁራጩን ትታችሁ ቦታውን ተመልከቱ። የተፈጥሮው በወንዙ ዳር፣ በገደሉ ላይ እየቀጠለ ይሄዳል። ኮንክሪት ግን የሆነ ቦታ ላይ ያበቃል። የጣውላ አሻራ፣ ለስላሳ ገጽ ወይም የዛገ ፌሮ ካያችሁ ነገሩ አለቀ።

«ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው፣ ነጭ ነገርም ከሞላበት ኖራ ነው።» የዘመዴ ድንጋይ እንዲህ ነበር፦ ጥቁር፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ በየቀዳዳው ነጭ ነገር። አቼቶ ጠብ አደረገበት፤ ነጩ አረፋ ደፈቀ። «አየህ!» አለኝ። አየሁ፤ ግን አቼቶ እዚህ ላይ ዳኛ አይሆንም። ካልሳይት የሚባለው ማዕድንም አረፋ ይደፍቃል፤ የግንብ ኖራም አየር ላይ ቆይቶ ወደዚያው ማዕድን ይመለሳል። ማጉያ መነጽር ይሻላል። የግንብ ኖራ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት፣ ያልተደባለቀ የኖራ እብጥ፣ አንዳንዴም የከሰል ብናኝ ይታያል። በእሱ ድንጋይ ውስጥ ግን ጥርስ የመሰሉ የሚያብረቀርቁ የማዕድን ቅንጣቶች ከቀዳዳው ግድግዳ ወደ መሐል አድገዋል። ቀዳዳው ላቫው (ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ) ሲቀዘቅዝ ጋዝ የተወው ነው፤ ነጩ ከዚያ በኋላ ውሃ ያመጣው።

ባለ ስድስት ጎን ቋሚ ድንጋይም የጠራቢ ሥራ አይደለም። ላቫ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ እንዲያ ይሰነጠቃል። «የብረት መፈለጊያ ማሽኑ ጮኸ» ለሚለውም፦ ጥቁር ድንጋያችን ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን አለው፤ ማሽን ሊያሳስት ይችላል።

ትልቁ ስህተት ግን የዘመን ነው። ዛሬ ስሚንቶ የምንለው ፖርትላንድ ስሚንቶ እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1824 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ፋሲል ግቢ ደግሞ ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ መሠራት ጀምሯል፤ ማያያዣውም ኖራ ነው። ግቢው ውስጥ ስሚንቶ የገባው ጣሊያን ሲጠግነው ነው፤ ኋላ ላይ እየተነሳ በኖራ ተተክቷል። እንግዲህ ያገኛችሁት እውነተኛ ስሚንቶ ከሆነ፣ የአፄ ፋሲል ሣጥን ክዳን ሊሆን አይችልም።

«ጣሊያን ቀብሮትስ ከሆነ?» አለኝ። ጣሊያን ጎንደርን እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ይዞ ነበር፤ ስሚንቶም ተጠቅሟል። ግን ፒያሳን ያየ ሰው ያውቃል፤ ቤት ነው የሠራበት። ከመሬት ሥር ስሚንቶ ካገኛችሁ የድሮ ሊሾ፣ ቦይ ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ የመሆን ዕድሉ ይበዛል። የመጨረሻው ላይ መዶሻ ባታሳርፉ ለአፍንጫችሁ ይሻላል።

የእውነት ጥንታዊ ነገር ካጋጠመስ? በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለመፈለግ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ የተገኘም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይነገራል።

ዘመዴ ድንጋዩን መልሶ ፌስታሉ ውስጥ ከተተው። «ለበር ማስደገፊያ ይሆናል» አለኝ።