የትምህርት ቤት ላይብረሪ የቴሌግራም ቻናል ምንድን ነው?

ባጭሩ፣ ላይብረሪው ያለውንና የሚያደርገውን ለተማሪና ለወላጅ በስልክ የሚያሳውቅበት ገጽ ነው። አዲስ የገቡ መጻሕፍት፣ የመክፈቻ ሰዓት ለውጥ፣ የተዋሱትን መመለሻ ቀን፣ የንባብ ክበብ ቀጠሮ፣ አንዳንዴም ፒዲኤፍ ይለጠፍበታል። ድሮ ይህን ሥራ የሚሸፍኑት የማስታወቂያ ሰሌዳውና በጠዋት ሰልፍ የሚያነበው ሚኒ ሚዲያ ነበሩ። ዛሬም አሉ፤ ግን የሰልፉን ማስታወቂያ ወላጅ አይሰማውም፣ ያረፈደ ተማሪም አይሰማውም።

ከማኅበራዊ ሚዲያው ሁሉ በእኛ አገር ቴሌግራም የተመረጠው ፋይል ስለሚሸከም ነው። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል፤ የተላከውም እዚያው ተቀምጦ ይቆያል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ብዙ መምህራን ወርክሺት የላኩት በዚሁ ነበር። በኋላም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ በየክፍሉ ስላልተዳረሰ፣ ተማሪው የመማሪያ መጽሐፉን በፒዲኤፍ ከስልክ ስልክ ሲቀባበል ከረመ። ላይብረሪዎች ወደዚህ መንገድ የገቡት ተማሪው ቀድሞ ገብቶበት ስለነበር ነው።

ቻናልና ግሩፕን ለይቶ ማወቅ ግድ ይላል። ቻናል ላይ የሚጽፈው አድሚኑ ብቻ ነው፤ ተከታዮቹ እርስ በርስ አይተያዩም። ግሩፕ ውስጥ ግን ሁሉም ይጽፋል፣ አባላቱም በተለመደው አሠራር ዝርዝሩን ከፍተው አንዱ ለሌላው በውስጥ መስመር መልእክት መላክ ይችላሉ። ሊንኩን ያገኘ የማይታወቅ ጎልማሳ ግሩፑ ውስጥ ከገባ የ7ኛ ክፍል ልጅን በውስጥ ለማናገር የሚያግደው ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ላይብረሪ ቻናል እንጂ ግሩፕ አይሆነውም ባይ ነኝ። ውይይቱ ካስፈለገ ክበቡ በአካል ይገናኝ፤ ወንበሩ አለ።

ጥሩ ፖስት ምን ይመስላል? የመጽሐፉ ሽፋን በፎቶ፣ ስለ ምን እንደሚያወራ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ስንት ቅጂ እንዳለና የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚገኝ። ሥር ላይ «#ክፍል9» ወይም «#ልቦለድ» ከተጻፈ ከስድስት ወር በኋላም ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። እንዲህ ያለው ፖስት ልጁን ወደ መደርደሪያው ይመራዋል። መጥፎው ፖስት ደግሞ «ባዮ 11 የመጨረሻ (2)» የሚል ስም ያለው፣ አድሚኑ ራሱ ከፍቶ ያላየው ፋይል ነው። ከሌላ ቻናል ፎርዋርድ ሲደረግ የዚያን ቻናል ሊንክ ይዞ ይመጣል፤ እዚያ ውርርድም ይኑር ሌላ ነገር ተማሪው አንድ ጊዜ ቢነካው ይደርስበታል።

ትልቁ ችግር ግን የቅጂ መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አዋጁ ለቤተ መጻሕፍት ጥቂት በር ይከፍታል፤ ለትርፍ እስካልሆነ ድረስ የተጎዳን ቅጂ ለመተካት ወይም ለሚያጠና ሰው አጭር ክፍል ለመስጠት ማባዛት ይቻላል። በሕይወት ያለ ደራሲ ገበያ ላይ የሚሸጠውን ልቦለድ ስካን አድርጎ ለሺዎች መበተን ግን በዚያ በር አያልፍም። «ለተማሪ ብለን ነው» የሚለው መልስ ደራሲውን አያሳምነውም፤ እኔንም አያሳምነኝም። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በድረ ገጹ የሚያወጣቸው የመማሪያ መጻሕፍት፣ መምህራኑ ያዘጋጇቸው ማስታወሻዎች፣ በደራሲው ፈቃድ የተገኙ ሥራዎች ለቻናሉ ይበቁታል።

ቀጥሎ የልጆች ጉዳይ አለ። «የወሩ ምርጥ አንባቢ» ተብሎ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ፎቶ ከሙሉ ስሟና ከክፍሏ ጋር ሲለጠፍ፣ ለማያውቃት ሰው የት እንደምትገኝ መንገር ነው። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይወሰድ፤ አለዚያ መጽሐፉ ብቻ ፎቶ ይነሣ። የባሰው «መጽሐፍ ያልመለሱ ተማሪዎች» የሚለው ዝርዝር ነው። በግቢ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ በሳምንቱ ይነሣል፤ ቻናል ላይ ግን በስክሪንሾት ሰፈር ያዳርሳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የሥነ ምግባር ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ፈተና ሲቃረብ ደግሞ አስመሳዮች ይበዛሉ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ከተሰረዘና እንደገና ከተሰጠ ጀምሮ «ፈተናው እኛ ጋ አለ» የሚል ሰው ገዢ አላጣም። የትምህርት ቤቱን አርማ ገልብጦ ተመሳሳይ ቻናል መክፈት የደቂቃዎች ሥራ ነው። እውነተኛው ሊንክ ላይብረሪው በር ላይ በወረቀት ይለጠፍ።

ሁሉን ነገር ቻናሉ ላይ ብቻ ማስቀመጥም አያዋጣም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ገደማ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ስልክ የሌለው ተማሪም አለ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ስልክ ወደ ግቢ አያስገቡም። ፋይሎቹ በፍላሽና በላይብረሪው ኮምፒውተር ላይ ይኑሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች የሚያስታውሱት ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ ነው፦ ቻናሉ የተከፈተው በማን ስልክ ነው? በግል ቁጥሩ ከፍቶት ከሄደ ቻናሉም አብሮት ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ በራሱ ሲም ይክፈተው፣ ሁለተኛ አድሚን ይጨምር። ባለቤትነቱን ማዛወር የግድ ሲሆን ቴሌግራም ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ቢያንስ ለ7 ቀን በርቶ መቆየቱን ስለሚጠይቅ፣ መልቀቂያው ከመፈረሙ በፊት ይጀመር።