«ሁሉም ግመል አልተሸጠም»፦ በአመክንዮ የግድ እውነት የሆነው ምንድን ነው?

«ዛሬ ባቲ ላይ ሁሉም ግመል አልተሸጠም።» ይህን የሰማ የወሎ ሰው አንድም ግመል እንዳልተሸጠ ሊረዳ ይችላል፤ ከፊሉ ተሸጦ ከፊሉ እንደተረፈም ሊረዳ ይችላል። አማርኛው ሁለቱንም ይሸከማል። የአንደኛ ደረጃ አመክንዮ (first-order logic የሚባለው፣ ዓረፍተ ነገርን በምልክት የሚጽፈው አመክንዮ) ግን አይሸከምም፤ «እያንዳንዱ»፣ «ቢያንስ አንድ» እና «አይደለም» የቱ ከየቱ እንደሚቀድም በምልክት ለይቶ ያስቀምጣል። ኳንቲፋየር የሚባሉትን እነዚህን የመጠን ምልክቶች በሥርዓት ያዋቀረው ጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬገ ነው፣ በ1879 እ.ኤ.አ።

የባቲ ትልቁ ገበያ ሰኞ መዋሉ እውነት ነው፤ የግድ ግን አይደለም። ወደ ማክሰኞ ቢዛወር ነጋዴ እንጂ አመክንዮ አይከፋውም። «ሁሉም ግመል ከተሸጠ ያልተሸጠ ግመል የለም» የሚለው ግን ሌላ ነው። «ግመል»ን በ«ፍየል»፣ «ተሸጠ»ን በ«ከሳ» ብንተካ፣ የምናወራበትንም ዓለም ብንለውጥ አይወድቅም። ባዶ ባልሆነ በማንኛውም የነገሮች ስብስብ፣ ቃላቱ ምንም ቢተረጎሙ እውነት የሚሆን ዓረፍተ ነገር «ቫሊድ» ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በቅደም ተከተል ላይ ነው። «የሁሉም ግመል ደላላ የሆነ አንድ ሰው አለ» ካልን፣ «እያንዳንዱ ግመል ደላላ አለው» የሚለው የግድ ይከተላል። ግልባጩ አይከተልም፤ ለማፍረስ ሁለት ግመልና የየራሳቸው ሁለት ደላላ ይበቃሉ። ባቲ ድረስ መውረድም አያስፈልግም፣ ወረቀት ላይ መሣል ነው።

ሌላም ጉድ አለ፦ ግመል ባልወጣበት ቀን «የወጣው ግመል ሁሉ ተሸጧል» እውነት ነው! ወጥቶ ሳይሸጥ የቀረ ግመል የለምና። ስለዚህ ከ«ሁሉም» ወደ «አንዳንድ» መዝለል አይቻልም፤ በአርስቶትል አመክንዮ ግን ይቻል ነበር።

የአመክንዮ ሊቁ ኩርት ገደል በ1929 እ.ኤ.አ ቫሊድ የሆነ ሁሉ በማረጋገጫ ሕግጋት ሊደረስበት እንደሚችል አሳየ። በ1936 ደግሞ የሒሳብ ሊቃውንቱ አሎንዞ ቸርችና አለን ቱሪንግ፣ ለየብቻቸው፣ ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ቫሊድ መሆን አለመሆኑን ሁልጊዜ የሚለይ መካኒካዊ ዘዴ እንደማይኖር አረጋገጡ። ዓረፍተ ነገሩ ቫሊድ ከሆነ፣ ማረጋገጫውን የሚፈልግ ፍለጋ አንድ ቀን ያገኘዋል፤ ካልሆነ ግን ማብቂያ ላይኖረው ይችላል። እንደ «ተሸጠ» እና «ከሳ» ያሉ አንድን ነገር ብቻ የሚገልጹ ቃላት ሲሆኑ ዘዴው አለ። ጣጣው የሚጀምረው «የእገሌ ደላላ» ዓይነት፣ ሁለት ነገር የሚያያይዝ ቃል ሲገባ ነው።