የጎረሰ ሽጉጥ ወገብ ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ቅርብ ስለሆነች ሆቴሎቿ በሥልጠናና በጉባኤ ተሳታፊ ይሞላሉ። ከተሳታፊው ጋር አጃቢ ይመጣል፣ ገንዘብ የሚያጓጉዝ ይመጣል፣ ፈቃድ ያለው ነጋዴና የሥራ ተቋራጭ ይመጣል። ከእነዚህ መካከል በሸሚዙ ሥር ሽጉጥ የታጠቀ አለ። እኔ ለጥበቃ ሠራተኞች የመሣሪያ አያያዝ አሠለጥናለሁ። ከሠልጣኞች የምሰማቸው የተሳሳቱ እምነቶች ከዓመት ዓመት ያው ናቸው፤ እያንዳንዱም ሰው ሊገድል ይችላል። የምጽፈው በሕጋዊ ፈቃድ ለታጠቁ ሰዎችና አብረዋቸው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነው።

«ካዝናው ወጥቷል፣ ስለዚህ ባዶ ነው»

ካዝና ጥይት የሚቀመጥበት ነው እንጂ የሚተኮስበት አይደለም። ሽጉጡ አንዴ ከተቀባበለ አንድ ጥይት ከካዝናው ወጥቶ ከበርሜሉ ኋላ ያለው ማጉረሻ ውስጥ ገብቷል፤ ሽጉጡ ጎርሷል የሚባለው ይኼኔ ነው። ካዝናውን ብታወጡትም ያ ጥይት እዚያው ነው። እንደ ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ያሉ አንዳንድ ሥሪቶች ካዝናው ሲወጣ ቃታው እንዳይሠራ የሚያግድ ክፍል አላቸው። ማካሮቭና ግሎክ ግን የላቸውም፤ ካዝናቸው ወጥቶም ይተኩሳሉ።

ከዚህ የባሰው የቅደም ተከተል ስሕተት ነው። ሰውየው መጀመሪያ ማቀባበያውን (ከሽጉጡ በላይ ያለውን ወደ ኋላ የሚሳብ ክፍል) ስቦ የጎረሰውን ጥይት ያስፈነጥራል፣ ከዚያ ካዝናውን ያወጣል፣ ከዚያ «ባዶ ነው» ብሎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። ማቀባበያው ወደ ፊት ሲመለስ ግን ከካዝናው ሌላ ጥይት ይዞ አጉርሷል። ባዶ ነው የተባለው ሽጉጥ አሁን ለመተኮስ ዝግጁ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው፦ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሩ፣ ጣታችሁን ከቃታው አርቁ፣ ካዝናውን አውጡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስባችሁ ያዙ። ማጉረሻውን በዓይናችሁ እዩ፣ በትንሿ ጣታችሁም ዳስሱ። መብራት በጠፋበት ምሽት ጣት ከዓይን ይበልጣል።

ባዶነቱን ቃታ ስቦ ማረጋገጥም ልማድ ሆኗል። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ከላይ ባለው ቅደም ተከተል የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው ጥይቱ ሲባርቅ ነው። ሰፈሮቻችን ቤት ከቤት የተጠጋጉ ናቸው። የቆርቆሮ አጥር የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት አያቆምም፣ በጭቃ ግድግዳም መተማመን አይቻልም።

«የጎረሰ ሽጉጥ በራሱ ይባርቃል» እና «ቃታው ካልተነካ ምንም አይሆንም»

እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ ሁሉንም ሽጉጥ እንደ አንድ ያያሉ። አጉርሶ መያዝ የሚያስተማምን መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው በዚያ ሽጉጥ ውስጣዊ አሠራር ነው። ስለዚህ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ታጥቀሃል?» የሚል ነው።

ቶካሬቭን እንውሰድ። የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የታጠቀው ይህ ሽጉጥ በመጀመሪያ ሥሪቱ በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ፣ ማለትም እንዳይተኩስ የሚያግድ ቁልፍ፣ የለውም። ያለው መከላከያ መዶሻውን (ቃታ ሲሳብ ከኋላ መትቶ የሚያስተኩሰውን ብረት) ግማሽ መንገድ ላይ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው። ያ ጥርስ ስንት እጅ በተቀያየረ አሮጌ ብረት ላይ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ሕይወትን በእሱ ላይ ማንጠልጠል ተገቢ አይደለም። ቶካሬቭ የታጠቀ ሰው ማጉረሻውን ባዶ አድርጎ ይያዝ። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ማካሮቭ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሽጉጥ 9 በ18 ሚሊ ሜትር ጥይት ይተኩሳል፣ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። በግራ ጎኑ ያለችው ቁልፍ ወደ ላይ ስትገፋ የተነሣውን መዶሻ ጥይቱን ሳይመታ ታወርደዋለች፣ ትቆልፈዋለችም። መዶሻው ወርዶ እያለ የመጀመሪያው ተኩስ ረጅምና ከባድ የቃታ ስበት ይፈልጋል። ለመከላከያነት ጥሩ አሠራር ነው። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ወደ ኋላ የሚይዘው ጸደይ የለውም፤ በቀዳዳው ውስጥ ልቅ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ሽጉጡ ከከፍታ በአፈሙዙ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ መርፌው በራሱ ክብደት ወደ ፊት ተስፈንጥሮ ጥይቱን ሊመታ ይችላል።

ግሎክና መሰሎቹ ሌላ ዘመን ናቸው። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተቀበለው ግሎክ ሦስት የውስጥ መከላከያዎች አሉት፤ አንዱ ቃታው ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ ናት፣ ሌላው መርፌውን የሚያግድ ነው፣ ሦስተኛው ሽጉጡ ሲወድቅ እንዳይተኩስ የሚይዝ ነው። ሦስቱም የሚለቁት ቃታው ሲሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ ደህና ሆኖ የተያዘ ግሎክ ጎርሶም በራሱ አይባርቅም። ነገር ግን ቃታውን የሳበው ጣት ይሁን የሸሚዝ ጫፍ ወይም የቁልፍ ማንጠልጠያ ሽጉጡ አይለይም። ለመሳብ የሚበቃው ኃይል ወደ 2 ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። አዲስ መሆንም ብቻውን ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲግ ሳወር ፒ320 በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል በሙከራ ከታየ በኋላ አምራቹ የቃታውን ክፍሎች በነፃ ለመቀየር ፕሮግራም ጀምሯል።

በአሮጌ ሪቮልቨር (ጥይቶቹ በሚዞር ከበሮ ውስጥ በሚቀመጡበት ሽጉጥ) ደግሞ መዶሻው የሚያርፍበት ቀዳዳ ባዶ መሆን አለበት። ስድስት ጎራሽ ከሆነ አምስት ጥይት ይበቃዋል።

«ሴፍቲው ተቆልፏል»

ሴፍቲ ብረት ነው፤ ያልቃል፣ በልብስ ተገፍቶ ይከፈታል፣ በአቧራ ይጣበቃል። አዳማን የሚያውቅ ሰው ነፋሷንና አቧራዋን ያውቃል። በላብ የረጠበ ዘይት ላይ ያ አቧራ ሲቀመጥ ቁልፏ ግማሽ መንገድ ላይ ልትቆም ትችላለች፣ ባለቤቱ ግን የተቆለፈ ይመስለዋል። ሽጉጥ በየቀኑ ከታጠቁት ቢያንስ በየሳምንቱ መጠረግ አለበት። ቁልፏ የምትቆልፍበት አቅጣጫም ከሥሪት ሥሪት ይለያያል። ማካሮቭ ወደ ላይ ሲገፋ ይቆለፋል፤ ቤሬታ 92 ኤፍ ኤስ ወደ ታች። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ዘበኛ በድንጋጤ ጊዜ እጁ የሚሄደው ወደ ለመደው ነው።

መዶሻውን በአውራ ጣት ይዞ ቃታ እየሳቡ ቀስ ብሎ ማውረድ የብዙ ሰው ኩራት ነው። በላበ ጣት፣ በጎረሰ ሽጉጥ ላይ ይህን ማድረግ የመተኮስን ግማሽ ሥራ በገዛ እጅ መጨረስ ነው። ማውረጃ ቁልፍ ካለው በቁልፉ አውርዱ። ከሌለው መጀመሪያ ጥይቱን አውጡ።

«ወገብ ላይ ሻጥ ማድረግ ይበቃል»

አይበቃም። ስለ አጉርሶ መያዝ የሚነሣው ክርክር ሁሉ ማህደር፣ ማለትም ሽጉጡ የሚታጠቅበት መያዣ፣ ከሌለ ትርጉም የለውም። ማህደሩ ሦስት ነገር ማሟላት አለበት፦ ቃታውን ከግራም ከቀኝም ሙሉ በሙሉ በጠንካራ ነገር መሸፈን፣ ባለቤቱ ሲሮጥና ሲጎነበስ ሽጉጡን አለመልቀቅ፣ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ሳይጨማደድ ክፍት ሆኖ መቆየት። በኪስ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር፣ በሴት ቦርሳ ከሊፒስቲክ ጋር፣ በመኪና ወንበር ሥር ያለ ሽጉጥ አንዱንም አያሟላም።

የከተማችን ሙቀት እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ኮት የሚለበስባት ከተማ አይደለችም፤ በስስ ሸሚዝ ሥር ሽጉጥ ለመደበቅ ሰው ስስ የጨርቅ ወይም የለስላሳ ቆዳ ማህደር ይመርጣል። ቆዳ ደግሞ ላብ እየጠጣ ይለሰልሳል፤ ከጊዜ በኋላ የአፉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ባለቤቱ ሽጉጡን ሲያስገባ ያ እጥፋት የቃታው ቀለበት ውስጥ ይገባል፣ ሽጉጡ ወደ ታች ሲገፋ ቃታው ይሳባል። በዚህ መንገድ ጭናቸውን የመቱ ሰዎች አሉ። የለሰለሰ ማህደር ይጣል፤ ዋጋው ምንም ቢሆን ከእግር አይበልጥም።

ሽጉጥ መልሶ ማስገባት አያስቸኩልም። ልብሱን በሌላው እጅ ግለጡ፣ ማህደሩን እዩ፣ ጣታችሁን ወደ ጎን ዘርጉ፣ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። መዶሻ ያለው ሽጉጥ ከሆነ አውራ ጣታችሁን መዶሻው ላይ አሳርፉ፤ አንድ ነገር ቃታውን ከሳበ መዶሻው ሲነሣ ይሰማችኋል፣ ትቆማላችሁ።

ባጃጅ ላይም አስቡበት። ከፊት በኩል ወገብ ላይ የታጠቀ ሰው ተጣጥፎ ሲቀመጥ አፈሙዙ የሚያየው የራሱን ጭንና ብሽሽት ነው። በብብት ሥር በአግድም የታጠቀ ደግሞ አፈሙዙ የሚያየው ኋላው የተቀመጠውን ሰው ነው።

«አደጋው የሚመጣው በተኩስ ልውውጥ ጊዜ ነው»

ብዙው የሚባርቀው ማንም ጠላት በሌለበት ነው፤ ሲፈታ፣ ሲጠረግ፣ ለጓደኛ ሲታይ፣ በር ላይ ሲመዘገብ። የሆቴል በር ነገር በተለይ ያሳስበኛል። ፈታሹ «መሣሪያ ካለህ አስረክብ» ይላል። እንግዳው በሰልፍ መካከል፣ ልጆች ከኋላው ቆመው፣ ሽጉጡን መዝዞ ማቀባበያውን መሳብ ይጀምራል። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ የሚገባና የሚወጣ ሰው ይህን ሦስትና አራት ጊዜ ያደርጋል።

አቅም ያላቸውን ሆቴሎች የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከበሩ ገለል ያለ ቦታ ላይ አሸዋ የሞላ በርሜል አስቀምጡ፤ ጥይት ከመሣሪያ የሚወጣው አፈሙዙ ወደ አሸዋው ሆኖ፣ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ ይሁን። የታጠቃችሁም ብትሆኑ መሣሪያ ማስረከብ ወዳለበት ቦታ እንደምትሄዱ ካወቃችሁ ቀድማችሁ ጥይቱን ሰው በሌለበት አውጡ፣ ወይም ሽጉጡን ከእነማህደሩ አውልቃችሁ ስጡ። ቃታው ተሸፍኖ እስካለ ድረስ አደጋው ትንሽ ነው። ፈታሹ ከማህደሩ አውጥቶ እንዳያገላብጠው ግን በትሕትናና በግልጽ ንገሩት፦ «ወንድሜ፣ ጎርሷል፤ እንዳለ አስቀምጠው»።

ሌላም ጣጣ አለው። ያንኑ ጥይት ደጋግሞ ማጉረስና ማውጣት የጥይቱን ጫፍ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገፋዋል። የጠበበው ቀለህ ሲተኮስ ግፊቱ ከተለመደው በላይ ሊሆንና ሽጉጡን ሊሰብር ይችላል። ከሌሎቹ ጎን ስታስቀምጡት አጠር ያለ ጥይት ካያችሁ አትጠቀሙበት።

«ማጉረሻው ባዶ ከሆነ ሽጉጡ ጌጥ ነው»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ የሚሰላ ፍጥነት ይዘው ነው። እውነት አላቸው፤ ማቀባበል ጊዜ ይወስዳል፣ ሁለት እጅም ይፈልጋል፣ አንዱ እጅ ከተያዘ ወይም ከቆሰለ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ ማጉረሻውን ባዶ አድርጎ መታጠቅ በእስራኤል ለብዙ ዓመታት ሲሠለጠንበት የኖረ ዘዴ ነው፤ ፍርሃት ብሎ ማጣጣል አላዋቂነት ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሽጉጡ ሲወድቅ እንዳይተኩስ ተደርጎ የተሠራ፣ ማህደሩ ጠንካራ፣ ባለቤቱም በየጊዜው በባዶ ሽጉጥም በጥይትም የሚለማመድ ከሆነ አጉርሶ መያዝ ይችላል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ባዶ ይያዝ። እዚህ አካባቢ ከማውቃቸው ታጣቂዎች ለአብዛኞቹ ሦስተኛው ይጎድላቸዋል። ሽጉጡን ከገዙ ወዲህ አንድም ጥይት ዒላማ ላይ አልተኮሱም።

«ሲወድቅ ቀልበው»

አትቅለቡት። በአየር ላይ ያለ ሽጉጥ ሲያዝ መጀመሪያ የሚገኘው ቃታው ነው። ይውደቅ።

«ልጅ ቃታ መሳብ አይችልም»

ይችላል። አንድ ጣቱ ካልበረታ አፈሙዙን ወደ ራሱ አዙሮ በሁለት አውራ ጣቶቹ ይገፋዋል። ሽጉጥ ወይ ሰውነታችሁ ላይ ነው፣ ወይ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ። ትራስ ሥርና ቁም ሣጥን ላይ ቁልፍ የላቸውም።

«ባረቀብኝ ካልኩ ማን ይጠይቀኛል?»

ሕግ ይጠይቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ወንጀል ያደርገዋል። የመግደል ሐሳብ አለመኖሩ የወንጀሉን ዓይነት ይለውጣል እንጂ ነፃ አያወጣም። መሣሪያ መያዝ፣ ማስመዝገብና ፈቃድ ማግኘት የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ፈቃዱ ለባለቤቱ እንጂ ለጓደኛው አይሆንም፤ «ለዛሬ ማታ ያዝልኝ» ብሎ ማዋስ ሁለቱንም ያስጠይቃል።

«እግር ከሆነ አይገድልም»

ከወገብ የባረቀ ጥይት የሚያገኘው ጭንን ነው፤ በጭን ውስጥ ደግሞ ትልቁ የእግር ደም ቧንቧ ያልፋል። እሱ ከተበጠሰ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈስሶ ሊያልቅ ይችላል። አምቡላንስ እስኪመጣ ቆሞ ማየት አይቻልም። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ውስጥ ጠቅጥቁና በሁለት እጅ፣ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑ። ደሙ ካልቆመ ከቁስሉ በላይ ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ሰፊ ጨርቅ ወይም ነጠላ እሰሩ፤ ጠንካራ እንጨት ቋጠሮው ውስጥ አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም ጠምዝዙት። ቀጭን ገመድ ወይም ሽቦ አትጠቀሙ። ሕመሙ ከባድ ነው፤ ቁስለኛው ቢለምናችሁም አትፍቱት። የታሰረበትን ሰዓት ጻፉ። ከዚያ በተገኘው መኪና፣ ባጃጅም ቢሆን፣ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ወይም ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ውሰዱት፤ አንድ ሰው አብሮ ተቀምጦ ቁስሉን ይጫን። ሽጉጡን ደግሞ ሌላ ሰው አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ፣ ካዝናውን አውጥቶ፣ ማቀባበያውን ስቦ የጎረሰውን ጥይት አውጥቶ፣ ማጉረሻውን ዳስሶ ለፖሊስ ያቆየው፤ አንድ ጊዜ የባረቀ ሽጉጥ ቀጣዩን ጥይት አጉርሷልና።