የአውሎ ነፋስ ሙላት ምንድን ነው?

በብርድ ወራት የሰሜን አውሮፓን ዳርቻ የሚመታ አውሎ ነፋስ ጣሪያ ይገነጥላል፣ ዛፍ ይነቅላል። ብዙ ሕዝብ የፈጀው ግን ነፋሱ እየገፋ ያመጣው ውሃ ነው። ከመደበኛው የባሕር ከፍታ በላይ የሚቆለለው ይህ ውሃ የአውሎ ነፋስ ሙላት ይባላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1953 ሌሊት የተነሣው ሙላት በኔዘርላንድ 1,836፣ በእንግሊዝ 307 ሰው ገድሏል።

በእንግሊዝና በኔዘርላንድ መካከል ያለው የሰሜን ባሕር ወደ ደቡብ ሲወርድ ይጠብባል፣ ጥልቀቱም ይቀንሳል። የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ውሃውን ወደዚያ ጥግ ያጉረዋል። ባሕሩ ጥልቅ ቢሆን ኖሮ ውሃው በሥር በኩል ይመለስ ነበር፤ እዚህ ግን መመለሻው ጠባብ ነው። የአየር ግፊት መውረድም ያግዛል፤ 1 ሄክቶፓስካል ሲቀንስ ባሕሩ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይነሣል። ሜትሮቹን የሚያመጣው ግን ነፋሱ ነው።

ስለዚህ ትንበያ ሲሰሙ ፍጥነቱን ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ አቅጣጫው፣ ቆይታው፣ በተለይ ደግሞ ሰዓቱ ይታያል። ባሕሩ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው በራሱ ከፍ ይላል። ነፋሱ ከዚህ ጋር ከገጠመ አደጋ ነው። ጀርመኖች ውሃው ባሕሩ በራሱ ከፍ ሲል ከሚደርስበት አማካይ ከፍታ 1.5 ሜትር ሲያልፍ ሙላት፣ 2.5 ሲያልፍ ከባድ፣ 3.5 ሲያልፍ እጅግ ከባድ ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በ1962 በጀርመኗ የወደብ ከተማ ሐምቡርግ ላይ ውሃው ከባሕር ጠለል በላይ 5.70 ሜትር ደርሶ በከተማዋ 315 ሰው ሞተ። በዲሴምበር 2013 ዛቨር የተባለው አውሎ ነፋስ (ለዴንማርኮች ቦዲል፣ ለስዊድኖች ስቬን) 6.09 ሜትር አድርሶት ከተማዋ ተረፈች። ልዩነቱ ከተማዋን ከውሃው የሚከልለው የአፈር ግድብ ነው። በ1962 ውሃው በግድቦቹ አናት ላይ ፈስሶ በከተማው በኩል ያለውን ቀጥ ያለ ጀርባቸውን ሸርሽሮ ናዳቸው። ከዚያ ወዲህ ከፍታቸው ተጨመረ፣ ጀርባቸውም ዘንበል እንዲል ተደረገ። ሆዱ አሸዋ፣ ልብሱ ሸክላ አፈር፣ ላዩ ሣር ነው። ሣሩን የሚጠብቁት በጎች ናቸው፤ አሳጥረው ይግጡታል፣ በሰኮናቸውም አፈሩን ይጠቀጥቃሉ። ቸል የተባለ የፍልፈል ጉድጓድ ለውሃ በር ይከፍታል።

በወደቡ አካባቢ ከግድቡ ውጭ ያለው ዝቅተኛ ቦታ፣ ለምሳሌ የዓሣ ገበያው አደባባይ፣ ዛሬም ይጥለቀለቃል። ማስጠንቀቂያ ሲሰማ መኪና ከዚያ ይነሣል፣ ወደ ምድር ቤትም አይወረድም፤ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው በር ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ውሃ ከተጠራቀመ 100 ኪሎ ግራም የሚሆን ግፊት ስለሚያርፍበት ከውስጥ ገፍቶ መክፈት ይከብዳል።