ለጨዋማ ውሃ አኳሪየም የቱ ውሃ ይሻላል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የባሕር ዓሣ ቤቱ ማሳደግ የሚጀምር ሰው ጭንቀቱ ስለ መብራቱ፣ ስለ ፓምፑና ስለ ዓሣው ዓይነት ነው። ውሃው መጨረሻ ላይ ይታሰባል፤ ያውም ከታሰበ። ቆይቶ ግን አልጌ ገንዳውን ሲወርረው፣ ሽሪምፕ በላይ በላዩ ሲሞት፣ ኮራል ተኮማትሮ አልከፈት ሲል፣ ብዙ ጊዜ ጣጣው የመጣው በባልዲ ከተጨመረው ውሃ ነው። ስለ ውሃው የሚወራው ወሬ ደግሞ ብዙ ነው።

«እኔ የምጠጣው ውሃ ለዓሣ ያንሰዋል እንዴ?»

አዎ፣ ሊያንሰው ይችላል። የመጠጥ ውሃ ደረጃ የወጣው ለሰው ጤና ነው። መዳብን እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 2 ሚሊግራም ነው። የባሕር ዓሣን ከጥገኛ ተውሳክ ለማከም ግን በሊትር 0.2 ሚሊግራም ገደማ መዳብ ይበቃል። ይህቺው መጠን ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ትጨርሳለች። ለሰው ምንም የማይለው ውሃ ለእነሱ መርዝ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ናይትሬትም እንደዚሁ ነው፤ ለሰው እስከ 50 ሚሊግራም ይፈቀዳል፣ ኮራል ያለው ሰው ግን ከ10 በታች እንዲሆንለት ይለፋል።

«አሳድሬዋለሁ፣ ክሎሪኑ ወጥቷል»

ክሎሪን ክዳኑ ተከፍቶ ሲያድር ይተናል፤ እዚህ ላይ ልክ ናችሁ። ብዙ የውሃ አገልግሎቶች ግን ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተጣመረበት) ይጠቀማሉ፤ እሱ በአንድ ሌሊት አይሄድም። ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ክሎራሚንን ይሰብረዋል፣ በምትኩ ግን አሞኒያ ይለቀቃል። ክሎሪኑ በሙሉ ጠፋ ብንል እንኳ አልጌ የሚመገባቸው ናይትሬቱ፣ ፎስፌቱና ሲሊኬቱ ንቅንቅ አላሉም።

ማፍላትስ? እንዲያውም ያባብሳል። በእንፋሎት የሚወጣው ውሃው ነው፤ ናይትሬትና መዳብ ድስቱ ውስጥ ቀርተው ይጠናሉ።

«የታሸገ ውሃ ካለ ምን ያስጨንቃል?»

የታሸገ ውሃ የተዘጋጀው ለመጠጥ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ምንም ያልሟሟበት ባዶ ውሃ ነው፤ ሁለቱ ይለያያሉ። የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ፦ ካልሲየም፣ ሶዲየም፣ አንዳንዴም ናይትሬት ተዘርዝሮ ታገኛላችሁ። በማሽን ተጣርቶ ካበቃ በኋላ ለጣዕም ሲባል ማዕድን የሚመለስበትም አለ። ዲስቲልድ ውሃ (ተኖ እንደገና የተጠራቀመ) ግን ይሆናል፤ ችግሩ ለትልቅ ገንዳ ማን ተሸክሞ ይዘልቀዋል።

«ማጣሪያ አለኝ፣ በቃኝ»

የትኛው ማጣሪያ? የከሰል ማጣሪያ ብቻውን ክሎሪንና ሽታ ያነሳል እንጂ ናይትሬት አይነካም። ውሃ ማለስለሻ ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዚየም ወስዶ ሶዲየም ይተካል፤ መለዋወጥ እንጂ ማጣራት አይደለም።

ሥራውን በትክክል የሚሠራው ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በስስ ወንፊት፣ በሜምብሬን፣ ማሳለፍ) እና ዲአዮናይዜሽን (የተረፈውን በሬዚን ፍሬዎች መልቀም) አንድ ላይ ሲሆኑ ነው፤ ባጭሩ አርኦ ዲአይ የሚባለው። ውሃው መጀመሪያ ደለል በሚይዘው ማጣሪያ፣ ከዚያ በከሰሉ ያልፋል። ከሰሉ ጌጥ አይደለም፤ ክሎሪን ሜምብሬኑን ስለሚበላው ቀድሞ መያዝ አለበት። ሜምብሬኑ ከሟሟው ነገር ከ90 እስከ 98 በመቶውን ያስቀራል። ቲዲኤሱ (የሟሟበት ነገር ጠቅላላ መጠን) 300 የሆነ የቧንቧ ውሃ በጥሩ ሜምብሬን አልፎ 6 አካባቢ ይወጣል። ቀሪውን ወደ 0 የሚያወርደው የዲአይ ሬዚኑ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሽኑ ቆሞ ከርሞ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ ቲዲኤሱ ከፍ ያለ ነው። ከሬዚኑ በፊት አውጥታችሁ ድፉት፤ ሬዚናችሁ በከንቱ አያልቅም።

«ሜትሩ 0 ካለ ሁሉም 0 ነው»

ቲዲኤስ ሜትር የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። ክሎሪንን አይነግራችሁም፤ ለእሱ የራሱ መመርመሪያ አለ። ሲሊኬትንም እምብዛም አያየውም። ሬዚን ሲደክም ቀድሞ ከሚያመልጡት አንዱ ደግሞ ሲሊኬት ነው። ሜትሩ 0 እያለ አሸዋውና መስታወቱ ላይ ሲሊኬት የሚመገበው ቡናማ የአልጌ ሽፋን ቶሎ ቶሎ ከተመለሰ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ሬዚኑን ነው።

«ማዕድን የሌለው ውሃ ዓሣ ይገድላል»

ዓሣውን ባዶው ውሃ ውስጥ ብትከቱት፣ አዎ። ግን ማን እንዲያ ያደርጋል? ካልሲየሙም ማግኒዚየሙም ከባሕር ጨው ድብልቁ ጋር ይመጣል፤ የሚጨመረውም በሊትር 35 ግራም ወይም ትንሽ አለፍ ያለ ነው። የወጥ ቤት ጨው አይተካውም። የንጹሁን ውሃ ፒኤች (የአሲድነቱን ልክ) ለክታችሁ አትደንግጡ፤ ጨው ሳይገባ ያ ቁጥር ምንም ዋጋ የለውም።

«የጎደለውን ለመሙላት የቧንቧ ውሃ ይበቃል»

ገንዳ የሚያበላሸው በብዛት ይሄ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ አይታወቅም። ባለ 200 ሊትር ገንዳ በቀን 4 ሊትር ይተንበታል እንበል። በ50 ቀን ውስጥ 200 ሊትር የቧንቧ ውሃ ጨመራችሁ ማለት ነው። ውሃው ተኖ ሄደ፤ ያዘለው ፎስፌትና መዳብ ግን አልተነነም። የአንድ ሙሉ ገንዳ ቆሻሻ እዚያው ተከማችቷል። በሌላ 50 ቀን ሌላ ገንዳ ሙሉ ይደረባል። ሲጀመር በንጹህ ውሃ ሞልቶ ቀጥሎ ከቧንቧ የሚጨምር ሰው ድካሙን ራሱ ያፈርሳል።

በጨው ውሃ መሙላትም ስህተት ነው። ጨው አይተንም፤ በጨመራችሁ ቁጥር ጨዋማነቱ ይወጣል። የተነነውን በንጹህ ውሃ፣ ቀድታችሁ ያወጣችሁትን በጨው ውሃ ተኩ።

«አርኦ ውሃ ያባክናል»

ይህኛው ግማሽ እውነት ነው። ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 3 ወይም 4 ሊትር በሌላው ቱቦ ይወጣል። ግን እሱ ማዕድኑ ጠንከር ያለ የቧንቧ ውሃ ነው እንጂ መርዝ አይደለም። በርሜል አስቀምጡለት፤ ወለል ይወለወልበታል፣ ሽንት ቤት ይለቀቅበታል።