«ዝም ማለት ማክበር ነው» እና ሌሎች የጽሑፍ ክበባችን ስሕተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር፣ ዋርካው ሥር ስንሰበሰብ 15 እንሆናለን። አንዱ የጻፈውን ያነባል፣ ቡና ይቀርባል፣ እኔም «እህ፣ ምን ትላላችሁ?» እላለሁ። ሁለት ሰዎች ይናገራሉ፤ ሌላው ሐይቁን ያያል። ተበትነን ወደ ጊዮርጊስ ስናቀና ግን ሁሉም ሐያሲ ነው! ያንን የመንገድ ወሬ ዋርካው ሥር እንድታመጡልን ብዬ፣ አፋችንን የሚይዙንን ነገሮች ላንሣ።

«ዝም ማለት ማክበር ነው»

ይሉኝታ ነው እንጂ ማክበር አይደለም። ሰው ሦስት ወር የለፋበትን አንብቦ ሲጨርስ «ጥሩ ነው፣ በርታ» ብዬ ከሸኘሁት አልሰማሁትም ማለት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ይህን ልንማር ሩቅ አንሄድም። የቅኔ ተማሪ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ የቆጠረውን፣ ማለት የደረሰውን ቅኔ፣ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃኑለታል። ባለ ሁለት ቤቷ አጭር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና እንኳ ሳትታረም አታልፍም። ሰሙና ወርቁ ሲገጥም የሚሰማው «ይበል!» የሚጣፍጠው፣ ለሁሉም ስለማይባል ነው።

«አስተያየት የሚሰጠው የተዋጣለት ጸሐፊ ነው»

ባለፈው አንድ ወንድማችን ዘጌ ላይ የሚፈጸም ታሪክ አነበበልን። ባለታሪኩ ጎሕ ሲቀድ በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል። ቋንቋው ያማረ ስለነበር እኛ ስለ ዘይቤው ክርክር ያዝን። አንድም ቀን ጽፋ የማታውቅ፣ ለማዳመጥ ብቻ የምትመጣ እኅት ቀስ ብላ «ይቅርታ ጋሼ፣ የእናቴ አገር ዘጌ ነው፤ እዚያ እኮ አይታረስም» አለች።

እውነቷን ነው። በትውፊት ከዘጌው ገዳም መሥራች ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ ነው በሚባል ወግ፣ ዘጌ ላይ በበሬ ማረስ ክልክል ነው። ሰው የሚኖረው በጫካው ቡናና በጌሾው፣ በታንኳም ባሕር ዳር ገበያ በሚያመጣው እንጨት ነው። ጸሐፊው ደነገጠ፣ ኋላ ሳቀ። በሌላ ቅዳሜ ሲመለስ በሬዎቹ የሉም፤ ባለታሪኩ ቡና ይለቅማል። የእኛ ሁሉ ክርክር አንዲት ቃል አላስቀየረም፤ የእሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ታሪኩን አገሩ አገባው። አነጋገሯንም ልብ በሉ፦ «አታውቅም» አላለችም። ከየት እንዳወቀች ነገረችው፣ የቀረውን ለእሱ ተወች።

«በአክብሮት መናገር ማለሳለስ ነው»

ማለሳለስ ሲበዛ ማድበስበስ ይሆናል። ነገሩ ያለው ጣታችን የሚያርፍበት ላይ ነው። «ያሰለቻል» ለጸሐፊው ምንም አይነግረውም። «ሁለተኛው ገጽ ላይ አያትየው የማን አባት እንደሆኑ ጠፋብኝ» ግን ቤቱ ገብቶ የሚሠራበት ነው። «አንተ ድሮም ታንዛዛለህ» ደግሞ እየሳቅን ብንለውም ስድብ ነው።

«ታላቅን ማረም ድፍረት ነው»

«ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ የቸኮሉ መሰለኝ» ውስጥ ድፍረቱ የቱ ጋ ነው? ከክበባችን ታላላቆች አንዱ ለብቻችን ስንሆን ያሉኝን ልንገራችሁ፦ «ያከብሩኛል እንጂ አያነቡኝም።»

«ሐሳቤን ከተናገርሁ ይሰረቃል»

ይህ ስጋት ከመሬት አልተነሣም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ወጥ የሆነና በጽሑፍም ሆነ በሌላ መንገድ የተቀረጸ ሥራን ነው፤ ባዶ ሐሳብን አይጠብቅም። እንግዲህ የሚሻለው ሐሳቡን ሸሽጎ መቀመጥ ሳይሆን መጻፍ ነው፤ ጥበቃውም ምዝገባ አይጠይቅም።

«ሐሳብ ከሰጠሁ ይቀበለኝ»

ጽሑፉ የጸሐፊው ነው። እኔም ያቀረብሁት መደምደሚያ ቀረብኝ ብዬ ሁለት ቅዳሜ አኩርፌ አውቃለሁ፤ ያኮረፍሁትን ያወቀልኝም አልነበረም።

የሚመጣው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተረኛው አንባቢ እኔ ነኝ። ስምንት ገጽ ነው። አምስተኛው ገጽ ላይ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ምን እንደሆነ ግን ደጋግሜ ባነበውም አልያዝሁትም።