የሰፈር ጓሮ አትክልት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት ላይ በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ ችግኝ ይታደላል፣ ጎመኑ ይለመልማል፣ ፎቶ ይነሳል። ታኅሣሥ ላይ እዚያው ግቢ ብትገቡ የምታገኙት የደረቀ አገዳና አረም ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «ሕዝባችን ኅብረት የለውም» ነው። እድር አቋቁሞ የሚያስተዳድር ሰፈር ኅብረት አያጣም። የጎደለው አሠራር ነው።

«ቦታ የለንም»

ጤፍ አይደለም የምትዘሩት። አንድ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ጆንያ ይበቃል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ አደባልቁ። ግራና ቀኙ የተከፈተ ጣሳ መሃል ላይ አቁሙና ጠጠር ሙሉበት፤ ዙሪያውን አፈር እየጨመራችሁ ጣሳውን ወደ ላይ ሳቡት። ያ የጠጠር ምሰሶ ከሌለ ውኃው ላይ ላዩን ቀርቶ የታችኛው ችግኝ ይደርቃል። ጎኑን በ20 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቅደዱና ቆስጣና ሰላጣ ትከሉ፤ ካሮት ከላይ ብቻ ነው። ትኩስ ፍግ ሥር ስለሚያቃጥል አትጠቀሙ።

«ሁሉም ነገር የጋራ ይሁን»

አትክልቱን የሚገድለው ይሄ ነው፤ ግን የሚሰማ የለም። መደቡ የሁሉም ሲሆን ጠዋት ሦስት ሰው ያንኑ መደብ ያጠጣል፣ ቅዳሜና እሁድ ማንም አያጠጣም። ምርት ሲደርስ ደግሞ ቀድሞ የነቃው የጎመኑን እምብርት ቆርጦ ይሄዳል፤ የተክሉም እድገት ይስተጓጎላል። ከታች ያለውን ቅጠል እየቀነጠሰ ከላይ አምስት ስድስት ቢተው ለወራት ይበላ ነበር።

ስለዚህ መደቡን ለየቤቱ ክፈሉት፦ 1 ሜትር በ3 ሜትር፣ በመሃል 50 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ። ከ1 ሜትር ከሰፋ መሃሉን ለመኮትኮት መርገጥ ግድ ይሆናል፣ የተረገጠ አፈር ደግሞ ውኃ አያሰርግም። የጋራ የሚሆኑት የውኃ ማጠራቀሚያው፣ የኮምፖስት ጉድጓዱና የችግኝ መደቡ ብቻ ናቸው።

ውኃውን አስቀድማችሁ አስሉ። በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ያዙ። አንዱ መደብ 15 ሊትር፣ አስሩ 150 ሊትር ይፈልጋል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ለ13 ቀን ይበቃል ማለት ነው፤ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይሄ የሞትና የሽረት ጉዳይ ነው። የቆጣሪውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል፣ የሮቶው ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚያድር፣ መደቡን ለሁለት ሳምንት ዳዋ ያስበላ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ችግኙ ሳይመጣ በጽሑፍ ይስፈር። አዲስ ኮሚቴ ምን ያደርጋል? የእድሩ መዝገብና የቅጣት ደንብ አለላችሁ። ችግኝ ማደልማ ቀላሉ ሥራ ነው።

«የእጣቢ ውኃ ይበቃል»

አትክልትና ምስር የታጠበበት፣ አዎ። ኦሞ ያለበት፣ በፍጹም፤ ጨውነቱ አፈሩን ያበላሻል።

«ጎመን የድሃ ምግብ ነው»

«ጎመን በጤና» ያሉት አባቶች ድሃ ብቻ አልነበሩም። ጠብታ ዘይት ጣል አድርጉበት፤ የጎመኑ ቫይታሚን ኤ ስብ ከሌለ ከሰውነት ጋር በደንብ አይዋሃድም።

«ጤናማ ምግብ ኪስ ይጎዳል»

በችርቻሮ ለሚገዛ፣ እውነት ነው። አስር ቤት አዋጥቶ ሽንኩርትና ድንች ከጅምላ በኩንታል ያምጣ። ቲማቲም ሲሆን ግን በዚያው ቀን ተከፋፈሉት፤ አንድ የፈረጠ ሣጥኑን ሙሉ ያበላሻል።

«ሰፈር የበቀለ ንጹሕ ነው»

አዲስ አበባ ውስጥ የአቃቂን ወንዝና ገባሮቹን እየጠለፈ የሚለማ አትክልት ከፋብሪካ የሚወጣ እንደ ክሮሚየም ያለ ከባድ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አቼቶና ጨው የላዩን ጀርም ይቀንሱ እንደሆነ እንጂ በሥር ገብቶ ከቅጠሉ ጋር የተዋሃደ ብረት አያወጡም። የጋራ ቦታችሁም ድሮ ጋራዥ ወይም የቆሻሻ መጣያ ከነበረ መሬቱን አትቆፍሩት፤ አፈር ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ በጆንያ ትከሉ።